ስለ ቆረቆር፤ በቤት ውስጥ ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

ራሱ ክብ ክብ እየሆነ የተመለጠ፣ ነጭ ቅርፊትም የያዘ ተማሪ ያላየ መምህር ጥቂት ነው። ጓደኞቹ «ቆረቆራም» እያሉ ስለሚሰድቡት ከጨዋታ ይሸሻል፤ በመጨረሻም ከትምህርቱ ይቀራል። ይሁን እንጂ ቆረቆር መድኃኒት ያለው ተላላፊ በሽታ ነው እንጂ እርግማን ወይም ነውር አይደለም።

የበሽታው ምክንያት ፈንገስ የሚባል፣ በዓይን የማይታይ የሻጋታ ወገን ነው። ይኸውም ወደ ጠጉሩ ሥር ዘልቆ ስለሚገባ ጠጉሩ እየተሰበረ ይረግፋል። አብዝቶ የሚያጠቃው ለአካለ መጠን ያልደረሱትን ልጆች ሲሆን፣ የሚተላለፈውም በራስ መነካካት፣ በማበጠሪያ፣ በቆብ፣ በሻሽ፣ በትራስና በምላጭ ነው። አንዳንዱ ዓይነት ከድመት፣ ከውሻና ከጥጃ ይመጣል። ጠጉር ሳይረግፍ ቅርፊት ብቻ የሚታይ እንደ ሆነ ግን ፎረፎር ሊሆን ይችላል፤ እርሱ አይተላለፍም።

ብዙ ወላጆች የታመመውን ራስ በነጭ ሽንኩርት ያሻሉ፤ ሌሎችም ላምባ ይቀባሉ። ነጭ ሽንኩርቱ ቆዳን አቃጥሎ ያቆስላል፤ ላምባውም ቆዳን ከመጉዳቱ በላይ በእሳት አጠገብ ለሕይወት ያሰጋል። መላጨትም ብቻውን አያድንም፤ ምላጩ የጋራ የሆነ እንደ ሆነ ቆረቆሩንና በደም የሚተላለፉትን በሽታዎች ያዛምታል።

ቅባት ወደማይደርስበት የጠጉር ሥር የሚደርሰው የሚዋጥ መድኃኒት ነው። ግሪሲዮፉልቪን የተባለው በ1939 (እ.ኤ.አ.) ከሻጋታ ተገኝቶ ከ1958 ጀምሮ ለሰው ሕክምና ውሏል፤ ዛሬ ተርቢናፊን የተባለም አለ። ከዚያ አስቀድሞ በአንዳንድ አገሮች ጠጉሩን በራጅ ጨረር ማርገፍ የተለመደ ነበር፤ ጨረሩም ከዓመታት በኋላ በአንዳንዶቹ ላይ የአንጎል ዕጢ ማስከተሉ ታውቋል። ግሪሲዮፉልቪን ሐኪም ባዘዘው መጠን፣ ቅባት ካለው ምግብ ጋራ፣ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይወሰዳል። ማሳከኩ ቀለል ሲል ቢያቋርጡት በሽታው ይመለሳል።

በቤት ውስጥ የሚከተለው ይደረግ።

1ኛ፤ ራሱን ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ማጠብ፤ ቅርፊቱን በቫዝሊን አለስልሶ ማንሳት እንጂ በጥፍር አለመፋቅ።

2ኛ፤ ኬቶኮናዞል ወይም ሴሌኒየም ሰልፋይድ ያለበት ሻምፑ ቢገኝ፣ በሳምንት 2 ጊዜ ቀብቶ 5 ደቂቃ ያህል ካቆዩ በኋላ ማጠብ። ይህ መተላለፉን ይቀንሳል እንጂ ኪኒኑን አይተካም።

3ኛ፤ ለያንዳንዱ ልጅ የራሱን ማበጠሪያ፣ ፎጣና ትራስ መለየት፤ ጨርቁንም በፈላ ውሃ ማጠብ።

4ኛ፤ የወንድሞቹንና የእኅቶቹን ራስ መመርመር።

ራሱ አብጦ መግል ቢይዝ ወይም ትኩሳት ቢመጣ እብጠቱን ከመብጣት ተከልክሎ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል፤ የዘገየ ቍስል ጠጉር ዳግመኛ የማይበቅልበትን ጠባሳ ይተዋልና።

መምህራንንም አንድ ነገር እናሳስባለን። ሕክምና የጀመረ ልጅ ከክፍል መባረር አያስፈልገውም። ከሰልፍ አውጥቶ ማሳየትም ሌሎቹ ሕመማቸውን በሻሽና በቆብ እንዲሸፍኑ ያደርጋል፤ በሽታውን የሸሸገ ደግሞ መድኃኒት የለውም።