ቦክስተር፦ ዋጋዋ ወርዶ ወጪዋ ያልወረደ ፖርሽ

የ1997 ሞዴል ፖርሽ ቦክስተር አዲስ ሳለች አሜሪካ ውስጥ 40 ሺህ ዶላር ገደማ ትሸጥ ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ እንደ ይዞታዋ ከ10 ሺህ ዶላር በታችም ትገኛለች። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ በፓርኪንግ ሥራ ላይ የሰው ፖርሽ ሲያስገባና ሲያወጣ ለኖረ ሐበሻ ይህ ቀላል ፈተና አይደለም። ሻጩ የማይነግረው ግን መለዋወጫዋ ከመኪናዋ ጋር አብሮ አለመርከሱን ነው። ፍሬኗ፣ ፍሪሲዮኗና ራዲያተሮቿ ዛሬም የውድ መኪና ዕቃ ናቸው፤ መካኒኩም የሚያስከፍለው በፖርሽ ሒሳብ ነው።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፖርሽ ሽያጩ አሽቆልቁሎ ኪሳራ ውስጥ ነበር። ዋና ሥራ አስኪያጁ ቬንደሊን ቪደኪንግ ቶዮታ ቤት የሠሩ የጃፓን ባለሙያዎችን አስመጥቶ የፋብሪካውን አሠራር አስለወጠ። በ1993 ዲትሮይት አውደ ርዕይ ላይ ግራንት ላርሰን የነደፋት ቦክስተር የተባለች ክፍት መኪና ለእይታ ቀርባ ተወደደች፤ በ1996 መመረት ጀመረች። ወጪ ለመቆጠብ ሲባል በሮቿ፣ የፊት ኮፈኗና መብራቶቿ ከእሷ ቀጥሎ ከወጣው አዲሱ ፖርሽ 911 ጋር አንድ ዓይነት ሆኑ። መብራቱ የተጠበሰ እንቁላል ይመስላል ተብሎ ብዙ ተቀልዶበታል። በመመሳሰሉ የተናደደው ግን የቦክስተር ገዢ ሳይሆን ብዙ አብልጦ የከፈለው የ911 ባለቤት ነው።

ሞተሯ ስድስት ፒስተኖች በግራና በቀኝ የተኙበት ባለ 2.5 ሊትር ሲሆን 204 የፈረስ ጉልበት አለው። የተቀመጠው ከወንበሮቹ ጀርባ፣ ከኋላ ጎማዎች ፊት ነው። ክብደቱ መሐል ላይ በመሆኑ መኪናዋ ኩርባ ላይ መሪውን ተከትላ እሺ ብላ ትታጠፋለች። የነዷት ሰዎች ስለ ፍጥነቷ ብዙም አያወሩም፤ ወሬያቸው ሁሉ ስለ ኩርባ ነው።

ይኸው አቀማመጥ ለገዢ ግን መከራ ነው፤ ሞተሩ አይታይም። የፊት ኮፈን ሲከፈት ባዶ የዕቃ ቦታ፣ ኋላ ሲከፈትም ሌላ የዕቃ ቦታ ይገኛል። ዘይትና የራዲያተር ውኃ የሚጨመረው ከኋላኛው በኩል ነው። ሞተሩን በዓይን ለማየት ጣሪያውን አጋምሶ አንስቶ ክዳን መፍታት ያስፈልጋል። ኮፈን ከፍቶ፣ ሞተር አስነስቶ፣ ራስ ነቅንቆ ዋጋ መደራደር እዚህ አይሠራም።

ስሟን ያጠፋው ደግሞ አንድ ትንሽ ኩሽኔታ ነው። ሞተሩ ውስጥ የክራንክ ዘንጉን ዙር ወደ ባልቦላዎቹ የሚያስተላልፍ መካከለኛ ዘንግ አለ። የዚህ ዘንግ አንድ ጫፍ የሚዞረው በራሱ ግራሶ ታሽጎ በተሠራ ኩሽኔታ ላይ ነው። ከጊዜ ብዛት የሞተር ዘይት በማሸጊያው ሾልኮ ይገባና ግራሶውን ያጥባል፤ ገብቶ የቀረው ዘይት ደግሞ ስለማይታደስ ይበላሻል። ኩሽኔታው ከተበላ ዘንጉ ይላወሳል፣ የባልቦላና የፒስተን ቅንጅት ይፈርሳል፣ ሁለቱ ይጋጫሉ፣ ሞተሩም አለቀለት ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተገጠመው ባለ ሁለት ረድፍ ኩሽኔታ የተሻለ ጠንካራ ነበር፤ ከ2000 ገደማ ጀምሮ የመጣው ባለ አንድ ረድፉ ነው ይበልጥ የሚያሰጋው። አብዛኞቹ መኪኖች ይህ ሳይደርስባቸው ኖረዋል፤ ግን የደረሰበት ሰው ብዙ ጊዜ ከመኪናዋ ዋጋ የሚበልጥ ሞተር ሊገዛ ነው።

ኩሽኔታውን ለመቀየር ካምቢዮው መውረድ አለበት። ስለዚህ ብልህ ባለቤት ፍሪሲዮን በሚቀይርበት ቀን ኩሽኔታውንና የኋላውን ፓራኦሊዮ አብሮ ያስቀይራል። ሻጩ ይህን ያሠራበት ደረሰኝ ካለው ለዚያ ወረቀት ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል አያስቆጭም። ደረሰኝ ከሌለ የዘይት ማጣሪያው ይመስክር። ወረቀቱ ከቤቱ ወጥቶ እጥፋቱ በነጭ ጨርቅ ላይ ይዘረጋል፤ በላዩም ማግኔት ይታለፋል። ጥቁር የፕላስቲክ ፍርፋሪ ከሰንሰለት መንሸራተቻ ስለሚመጣ ያን ያህል አያስደነግጥም። ማግኔቱ ላይ ተጠራርጎ የሚነሳ የሚያብለጨልጭ የብረት ብናኝ ካለ ግን ሻጩን አመስግኖ መሄድ ነው።

ሌላው ምስክር ኮምፒዩተሩ ነው። ከ2000 ሞዴል ወዲህ ባሉት ባለ ማኑዋል መኪኖች ሞተሩ ከሚፈቀድለት በላይ መዞሩ ይመዘገባል። ከአምስተኛ ወደ አራተኛ አወርዳለሁ ብሎ ሁለተኛ ያስገባ የቀድሞ ባለቤት ጉዱ እዚያ ተጽፎ ይጠብቃል።

ብዙ ገዢ ኪሎሜትሯ ያነሰውን ይመርጣል። እኔ አልስማማም። ዓመታት ቆማ የከረመች መኪና ማሸጊያዎቿ ይደርቃሉ፤ ጎማዋም ጥርሱ ሳያልቅ ይጠጥራል። የጎማ ዕድሜ ጎኑ ላይ ባሉት አራት አኃዞች ይነበባል፤ 2314 ማለት በ2014 ሃያ ሦስተኛው ሳምንት ላይ የተሠራ ማለት ነው። ከጣሪያው ማጠፊያ አጠገብ ያሉት የውኃ መውረጃ ቀዳዳዎችም በቅጠል ይደፈናሉ፤ ዝናቡ ወደ ውስጥ ይገባና ወንበር ሥር ያለውን የጸረ ስርቆት ሳጥን ያረጥበዋል። ያን ጊዜ መኪናዋ ጤነኛ ሞተር ይዛ አልነሳም ትላለች።

አገር ቤት ልላካት የሚል ካለ ይተወው። ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክላለች፤ ከዚያ በፊትም ያረጀ መኪና የኤክሳይስ ታክሱ አይቀመስም ነበር።

የትኛዋ ትሻላለች? የ2003 እና የ2004 ሞዴሎች የኋላ መስኮታቸው መስታወት ነው፤ ኩሽኔታቸው ግን ያ ነጠላው ነው። የቀደሙት መስኮታቸው ፕላስቲክ ስለሆነ ጣሪያው ሲታጠፍ፣ በተለይ በብርድ፣ ይሸበሸባል፤ ባለቤቶቹ ጣሪያውን መሐል ላይ አቁመው እጥፋቱን በመዳፋቸው ያስተካክላሉ። ምርጫው የእኔ ቢሆን ደረሰኟ የተሟላ የ1999 ሞዴል እገዛለሁ፤ ፕላስቲኩ ሲቀደድ ጣሪያ ሰፊ ጋ ይወሰዳል፣ ሞተር ግን ሰፊ የለውም።