የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያልፍበትን የብረት ቱቦ ስለ ማጠፍ

ኤሌክትሪክ ለሰው ልጅ ከተገኙት አገልጋዮች ሁሉ ትጉሁ ነው፤ ሌሊቱን ያበራል፣ ውሃ ይስባል፣ መጋዝ ያዞራል። ነገር ግን መንገዱን በሚገባ ያላበጁለት እንደ ሆነ ያው አገልጋይ ቤት አቃጣይ ይሆናል። ስለዚህ ብርሃኑን ከማድነቅ አስቀድሞ ብርሃኑ ስለሚመጣበት መንገድ መጠየቅ የአስተዋይ ባለቤት ተግባር ነው። በዛሬው ጽሑፋችን ከነዚህ መንገዶች አንዱን፣ ማለት ሽቦ የሚያልፍበትን የብረት ቱቦ፣ በቤት ውስጥ ሥራ እንዴት ለክቶ ማጠፍ እንደሚገባ ለአንባቢዎቻችን እንገልጻለን።

ይህ ሥራ ምን ያህል ክብደት እንደሚሰጠው ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ወደ ቺካጎ ከተማ ይመልከት። በጥቅምት ወር 1871 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በዚያች ከተማ የተነሣው እሳት 300 የሚያህሉ ሰዎችን ገደለ፤ 100,000 የሚሆኑትንም ያለ መጠለያ አስቀረ። ያ እሳት ከኤሌክትሪክ የመጣ አልነበረም፤ በዚያን ዘመን የኤሌክትሪክ መብራት ገና በየቤቱ አልገባም ነበርና። ሆኖም እንዲህ ያለውን ጥፋት ያየች ከተማ በእሳት ነገር ጥብቅ ብትሆን የሚያስደንቅ አይደለም። በብዙ የአሜሪካ ከተሞች በፕላስቲክ የተለበጠ ሽቦ በእንጨት ግድግዳ ውስጥ እንዲሁ ተዘርግቶ ሲታሰር፣ በቺካጎ ግን በተራ መኖሪያ ቤት እንኳ ሽቦው በብረት ቱቦ ውስጥ እንዲያልፍ ደንቡ ያዛል።

የብረቱ ጥቅም ግልጽ ነው። ሥዕል ለመስቀል የተመታ ሚስማር በቀላሉ አይበሳውም፤ አይጥ አትቆረጥመውም፤ በውስጡም ብልጭታ ቢነሣ ወደ እንጨቱ እንዳይዛመት ይከለክላል። ከዚህም በላይ ሽቦው ያረጀ እንደ ሆነ ግድግዳ ሳይፈርስ አሮጌው ተስቦ ይወጣና አዲሱ በቦታው ይገባል። ይህ ሁሉ ጥቅም የሚገኘው ግን ቱቦው ከጫፍ እስከ ጫፍ ክብነቱን ጠብቆ የቆየ እንደ ሆነ ብቻ ነው።

በዚያ አገር ለቤት ሥራ የተለመደው፣ በአጭሩ «ኢ ኤም ቲ» ተብሎ የሚጠራው፣ ገላው ስስ የሆነና ዚንክ የተለበጠ የብረት ቱቦ ነው። የግማሽ ኢንች ተብሎ የሚሸጠው በውጭው ሲለካ ወደ 18 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ የአንዱም ዘንግ ርዝመት 10 ጫማ፣ ማለት 3 ሜትር ያህል ነው። ማጠፊያው ደግሞ በረጅም እጀታ ጫፍ ላይ የተተከለ፣ ቱቦውን አቅፎ የሚይዝ ቦይ ያለው ጎባጣ ብረት ሲሆን፣ በአንድ ወገን መንጠቆ፣ በሌላው ወገን የእግር መርገጫ አለው። በገላውም ላይ የቀስትና የኮከብ ምልክቶች፣ እንዲሁም የዲግሪ ቍጥሮች ተቀርጸውበታል።

ብዙ ሰዎች ይህን መሣሪያ ንቀው ቱቦውን በጉልበታቸው ላይ ወይም በድንጋይ ጥግ ላይ ያጥፉታል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ቱቦ ሲታጠፍ የውጩ ጎን ይለጠጣል፣ የውስጡም ጎን ይጨማደዳል፤ በዚያን ጊዜ ከግራና ከቀኝ የሚደግፈው ቦይ ከሌለ ገላው ይሟሽሻል። በተሟሸሸውም ስፍራ ሽቦው ሲጎተት ልባሱ ይላጣል። ጉዳቱ በዚያው ቀን ላይታይ ይችላል፤ መብራቱ ይበራል፤ ባለቤቱም ሥራው የተቃና ይመስለዋል። ነገር ግን የተላጠው ሽቦ በጨለማ ውስጥ ሆኖ ቀኑን ይጠብቃል።

እንግዲህ ከጉልበት በፊት ስሌት መቅደም አለበት። ለምሳሌ ቱቦው በወለሉ ላይ መጥቶ በግድግዳው ላይ 40 ሳንቲ ሜትር ቀጥ ብሎ እንዲቆም ይፈለጋል እንበል። ጀማሪው 40 ሳንቲ ሜትር ለክቶ በዚያው ላይ ቢያጥፍ ቁመቱ ከሚፈለገው በላይ ሆኖ ያገኘዋል። ምክንያቱም የማጠፊያው ጕብጠት ራሱ የሚወስደው ርዝመት ስላለ ነው። ይህም ርዝመት ለግማሽ ኢንች ቱቦ 5 ኢንች ወይም 12.7 ሳንቲ ሜትር፣ ለሦስት አራተኛ ኢንች ቱቦ 6 ኢንች፣ ለአንድ ኢንች ቱቦ 8 ኢንች ነው። ስለዚህ ከ40 ላይ 12.7 ተቀንሶ ምልክቱ ከጫፉ በ27.3 ሳንቲ ሜትር ላይ ይደረጋል። ከዚያ በኋላ የማጠፊያው መንጠቆ ወደ ተለካበት ጫፍ ዞሮ፣ ቀስቱ ከምልክቱ ጋር ይገጠማል፤ እግርም በመርገጫው ላይ አጥብቆ ይጫናል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፣ ዋናው ኃይል ከእግር እንጂ ከእጅ የሚመጣ አለመሆኑ ነው፤ እግር የለቀቀ እንደ ሆነ ቱቦው ከቦዩ ተነሥቶ ይጨማደዳል። ብረት ጥቂት ወደ ኋላ የመመለስ ጠባይ ስላለውም ከ90 ዲግሪ ትንሽ አሳልፎ መልቀቅ ያስፈልጋል።

በአውሮፓ ሥርዓት የሚሠሩት የ20 እና የ25 ሚሊ ሜትር ቱቦዎች የየራሳቸው ማጠፊያና የየራሳቸው ተቀናሽ አላቸው። ልኩ ያልታወቀ እንደ ሆነ ፍለጋው አስቸጋሪ አይደለም፤ በቍራጭ ቱቦ ላይ ከጫፉ 30 ሳንቲ ሜትር ለክቶ ምልክት ማድረግ፣ በምልክቱም ላይ 90 ዲግሪ ማጠፍ፣ ከዚያም የቆመውን ቁመት መለካት ነው። ቁመቱ ከ30 የበለጠበት መጠን የዚያ ማጠፊያ ተቀናሽ ይሆናል። አንድ ቍራጭ ማበላሸት ሙሉ ዘንግ ከማበላሸት ይሻላል።

ሁለተኛው የዘወትር ሥራ ቱቦውን ከእንቅፋት በላይ አሳልፎ እንደገና ወደ ቀጥታ መንገዱ መመለስ ነው። ይህ የሚሆነው እኩል በሆኑ ሁለት እጥፋቶች ሲሆን፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት የሚገኘው በትምህርት ቤት በምናውቀው የማዕዘን ሒሳብ ነው። እጥፋቱ 30 ዲግሪ ከሆነ የእንቅፋቱ ከፍታ በ2 ይባዛል፤ 45 ዲግሪ ከሆነ በ1.4፤ 60 ዲግሪ ከሆነ በ1.2። ከፍታው 8 ሳንቲ ሜትር ቢሆን በ30 ዲግሪ ሲሠራ በሁለቱ ምልክቶች መካከል 16 ሳንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ቱቦው ሽቅብ ወጥቶ በመመለሱ ርዝመቱ ያጥራልና፣ በ30 ዲግሪ ሲታጠፍ የከፍታው አንድ አራተኛ፣ በዚህ ምሳሌ 2 ሳንቲ ሜትር፣ አስቀድሞ ይጨመራል። እንቅፋቱ ከቱቦው ጫፍ በ100 ሳንቲ ሜትር ላይ የሚገኝ ከሆነ አንደኛው ምልክት በ102 ላይ፣ ሁለተኛው በ86 ላይ ይውላል። ከመጀመሪያው እጥፋት በኋላ ቱቦው በማጠፊያው ውስጥ ተገልብጦ ሁለተኛው በተቃራኒ አቅጣጫ ይታጠፋል። በዚህ ጊዜ ቱቦው ጥቂት እንኳ ቢዞር ሁለቱ እጥፋቶች በአንድ መስመር ላይ አይሆኑም፤ ሥራውም ጠማማ ሆኖ ይቀራል። ስለሆነም ከማጠፍ በፊት በቱቦው ርዝመት ላይ ቀጥ ያለ መስመር በእርሳስ ማስመር ጥሩ ልማድ ነው።

እጥፋት ግን እንደ ልብ የሚበዛ ነገር አይደለም። የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ደንብ በሁለት የሽቦ መሳቢያ ሳጥኖች መካከል ያሉት እጥፋቶች ተደምረው ከ360 ዲግሪ፣ ማለት ከአራት ሙሉ ማዕዘን እንዳይበልጡ ይከለክላል። ምክንያቱም ሽቦው በየጥጉ ከቱቦው ጋር ሲተሻሽ መጎተቻው ኃይል በየእጥፋቱ እየተባዛ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ሽቦው ይለጠጣል ወይም ልባሱ ይቀደዳል። እንዲሁም ሦስትና ከዚያ በላይ ሽቦ የሚያልፍበት ቱቦ ከውስጡ ስፋት ከመቶ 40 እጅ በላይ እንዳይሞላ ታዟል፤ ሽቦ ሥራ ላይ ሲሆን ስለሚሞቅ የሚተነፍስበት ስፍራ ያስፈልገዋልና። ቱቦው ራሱም ከእያንዳንዱ ሳጥን በ90 ሳንቲ ሜትር ርቀት ውስጥ፣ ከዚያም በየ3 ሜትሩ ከግድግዳው ጋር መታሰር አለበት።

ቱቦው በብረት መጋዝ ሲቈረጥ በውስጡ ጠርዝ ላይ ምላጭ የመሰለ ስለት ይቀራል። ይህን ስለት በሞረድ ሳያለዝቡ ሽቦ ማስገባት ልፋትን ሁሉ ከንቱ ያደርጋል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ፣ በአንድ ደቂቃ የሚፈጸመውን መሞረድ ያለፈ ሰው ሽቦውን እንደገና ሊያወጣና ሌላ ሊገዛ ይገደዳል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ ግን የመሬት መስመር ነገር ነው። ኤሌክትሪክ ያለበት ሽቦ በአንድ አጋጣሚ ብረቱን ቢነካ፣ ቱቦው ከሳጥን እስከ ሳጥን በሚገባ ተያይዞ ከመሬት መስመሩ ጋር የተገናኘ እንደ ሆነ ብዙ ኤሌክትሪክ በአንድ ጊዜ ይፈስና ብሬከሩ መስመሩን ወዲያው ይቈርጠዋል። አንዱ መጋጠሚያ የላላ እንደ ሆነ ግን ቱቦው ኤሌክትሪክ ተሸክሞ የሰው እጅ እስኪነካው ይቆያል። በአሜሪካ ቤቶች ለመብራት የተለመደው 120 ቮልት ሲሆን በእኛ አካባቢ ከ220 እስከ 230 ቮልት ስለሆነ አደጋው እዚህ ይበልጥ የከፋ ነው። ስለዚህ የቤቱ ባለቤት ቱቦውን ለክቶ ቢያጥፍና ቢያስር መልካም ነው፤ መስመሩን ከዋናው ሳጥን ጋር ማገናኘትና መፈተን ግን ፈቃድ ላለው ባለሙያ መተው ይገባዋል። ከሥራውም በፊት የከተማውን ደንብ መጠየቅ የሚዘነጋ አይደለም።

ስለ አየሩም ማሰብ ያስፈልጋል። በደጋው በአስመራ ለብዙ ዘመን የሚቆይ ዚንክ የተለበጠ ቱቦ፣ በምጽዋ በውጭ ግድግዳ ላይ ቢታሰር የባሕሩ ጨው ዚንኩን ፈጥኖ ይበላዋል። እንዲህ ባለ ስፍራ በውጭ በኩል የፕላስቲክ ቱቦ መምረጥና ለብቻው የመሬት ሽቦ አብሮ ማሳለፍ ይሻላል፤ ብረቱ ለውስጥ ክፍል ይቀመጥ።

በመጨረሻም ይህን እንላለን። እንጨት አለቅጥ ቢቈረጥ ይቀጠላል፤ ጨርቅ ቢሳሳት ይተረተራል፤ ብረት ግን የታጠፈበትን አይረሳም። ተሳስቶ የታጠፈውን ቱቦ መልሶ ለማቅናት የሚታገል ሰው የሚያተርፈው የደከመና የተጨማደደ ብረት ነው፤ ይህንንም በግድግዳ ውስጥ የሸሸገ እንደ ሆነ ስሕተቱን ለልጆቹ ያወርሳል። ስለዚህ የተበላሸውን ያለ ኀፍረት ጥሎ አዲስ ዘንግ ማንሣት ይገባል። የአንድ ቱቦ ዋጋ በገበያ ይታወቃል፤ የተኙ ልጆች ያሉበት ቤት ዋጋ ግን በገበያ አይታወቅም።