ጴጥሮስ ለማን ነው የሚናገሩት?

በጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ፣ ማታ ማታ የምናስተምራቸው ጎልማሶች ፊደል ጨርሰዋል። አሁን ቴአትር እናነባለን። የመረጥነው የጸጋዬ ገብረ መድኅንን «ጴጥሮስ ያችን ሰዓት» ነው። የአቡነ ጴጥሮስን ሐውልት ከማዘጋጃ ቤት አጠገብ ሲያልፉ ሁሉም ያዩታል። በ2005 ዓ.ም. ለባቡር ሥራ ሲነሣ፣ በ2008 ዓ.ም. ሲመለስም አይተዋል።

አቡኑ የሰላሌ ሰው ናቸው። ጣሊያን አዲስ አበባን ሲይዝ አርበኞችን አውግዙ ተባሉ። እምቢ አሉ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጥይት ተገደሉ። ቴአትሩ የሚያሳየን ከዚያ በፊት ያለችውን ሰዓት ነው።

ንባቡን የጀመሩት አንድ ሸማኔ አባት ናቸው። በቅንፍ ያለውንም ጭምር ጮክ ብለው አነበቡት፤ ክፍሉ ሳቀ። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ቀድመን አልነገርናቸውም። በቴአትር ጽሑፍ መጀመሪያ የተናጋሪው ስም፣ ቀጥሎ ቃሉ ይመጣል። በቅንፍ ያለው ተዋናዩ የሚያደርገው እንጂ የሚናገረው አይደለም።

ከባዱ ነገር ቀጥሎ መጣ። ጴጥሮስ እመ ብርሃንን ይወቅሷታል፤ አገራቸውን የተወቻት መስሏቸው ያማርራሉ። አንዲት ጥጥ የሚፈትሉ እናት መጽሐፉን ዘጉት።

«ልጆቼ፣ ጳጳስ እንዲህ ይላል እንዴ? እኔ አላነብም» አሉን።

ልናስረዳ ስንጣደፍ ሸማኔው ቀደሙን።

«እትዬ፣ እስቲ ለማን ነው የሚሉት? ለጣሊያን ቢሆን ክህደት ነው። የሚናገሩት ግን ለእሷው ነው። ልጅዎ የታመመ ጊዜ ሌሊት ምን ብለው ጸለዩ?»

እናት ዝም አሉ። እኛም ዝም አልን። ማን ይናገራል፣ ለማን፣ በምን ሰዓት፣ ምን ፈልጎ ብለን ሰሌዳ ላይ ልንጽፍ ያሰብነውን ሰውዬው ጨርሰውታል።

አንድ ወጣት ደግሞ «አቡኑ እውነት እንዲህ ብለዋል?» ሲል ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነው። መገደላቸው ታሪክ ነው፤ የቴአትሩን ቃል ግን የጻፉት ጸጋዬ ናቸው። የተወለዱትም አቡኑ በሞቱ በቀጣዩ ወር፣ በነሐሴ 1928 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ቃሉን እንደ ምስክር ቃል አንይዘውም። ሞት ደጁ የቆመበት ሰው ምን ይሰማዋል ብለን ነው የምናነበው።

እናት መጽሐፉን መልሰው ከፈቱ። በየአራት ነጥቡ እየቆሙ አነበቡ። ወቀሳው ላይ ሲደርሱ አልጮኹም፤ ከጎናቸው ለተቀመጠ ሰው እንደሚናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።