በመጸው ወራት በስዊስ ተራራ
ስለ እንጉዳይ ለቀማና ስለ ሸንተረር ጕዞ

በኤውሮፓ አገር የበጋው ሙቀት አልፎ የዛፉ ቅጠል ቢጫና ቀይ መሆን ሲጀምር፤ ይኸውም በእኛ ከመስከረም እስከ ጥቅምት መጨረሻ ባለው ጊዜ ነው፤ የከተማው ሕዝብ በየሰንበቱ ስንቁን በጀርባው አዝሎ ወደ ዱርና ወደ ተራራ መውጣት የቈየ ልማዱ ነው። እንዲህ ያለው ጕዞ ሁለት ደስታ አለበት። አንደኛው ከዛፍ ሥር እንጉዳይ መልቀም ነው፤ ሁለተኛው በሸንተረር ላይ በእግርም በእጅም እየቧጠጡ ከተራራው ጫፍ መድረስ ነው። ልጆቻቸው በዚያ አገር የሚማሩላቸውና የሚሠሩላቸው ቤተ ሰቦች ዛሬ ብዙዎች ስለ ሆኑ፤ ይህ ልማድ ምን እንደ ሆነና ሞት በየት በኩል እንደሚገባበት በዚህ ገጽ ልንገልጽላቸው ወደድን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ለምሳሌ የመረጥነው በስዊስ አገር በበርን ግዛት፤ ከብሪየንዝ ሐይቅ በስተ ሰሜን የተጋደመውን ሐርደርግራት የሚባለውን ሸንተረር ነው። መነሻው ኢንተርላከን የምትባለው ከተማ ናት። ከዚያ በ1908 ዓ.ም. የተከፈተው በገመድ የሚሳብ ባቡር 1,322 ሜትር ከፍታ ወዳለው ወደ ሐርደር ኩልም ያወጣል። የሸንተረሩ መድረሻ የብሪየንዝ ሮትሆርን የተባለው ጫፍ ነው፤ ከፍታውም 2,350 ሜትር ነው። ብርቱ ሰው ማለዳ ተነሥቶ ቀኑን ሙሉ ይሄድበታል።

የመጀመሪያው ቀን ለዱሩ ነው። ዝናም ዘንቦ ምድሩ ገና ሙቀቱ ሳይለቀው በተዳፋቱ ላይ ከጥድና ከሌላውም ትልልቅ ዛፍ ሥር እንጉዳዩ ይወጣል፤ እኛ «እንደ እንጉዳይ ፈላ» የምንለው ነገር በዚያም አገር እውነት ነው። ሊቃውንት እንደሚያስረዱት በዓይን የምናየው እንጉዳይ ፍሬው ብቻ ነው። ዋናው አካሉ እንደ ቀጭን ክር ሆኖ ከመሬት በታች ተዘርግቶ ይኖራል። ከብዙዎቹም ወገን የሆኑት ከዛፍ ሥር ጋር ተቈራኝተው ለዛፉ ውሃና ከአፈር የሚገኘውን ምግብ ይሰጡታል፤ ዛፉም በፈንታው ስኳር ይሰጣቸዋል። ስለዚህ ዐዋቂ ለቃሚ እንጉዳዩን ከመፈለጉ በፊት ዛፉን ይፈልጋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚወደዱት ሁለት ናቸው። አንዱ መልኩ እንደ እንቍላል አስኳል ስለ ሆነ ስዊሶቹ አየርሽቫም፤ ማለት የእንቍላል እንጉዳይ ይሉታል፤ ሽታው እንደ ኮክ ነው፤ በሥሩ ያለውም ሽንሽን እስከ እግሩ ድረስ ይወርዳል። ሁለተኛው ሽታይንፒልዝ፤ ማለት የድንጋይ እንጉዳይ የሚሉት ነው፤ እግሩ ወፍራም፤ ቆቡ ቡናማ፤ ከቆቡ በታች ደግሞ ሽንሽን ሳይሆን እንደ እንጀራ ዓይን የተበሳሳ ነው። የሚለቀመውም ያለ ልክ አይደለም። በየግዛቱ ልዩ ልዩ ሕግ አለ፤ ለምሳሌ በግራውቢንደን ከወሩ ከ1 እስከ 10 ቀን ድረስ መልቀም ክልክል ነው፤ በቀሩትም ቀኖች ለአንድ ሰው ከ2 ኪሎ በላይ አይፈቀድም።

ከሁሉ የበለጠ የወደድንላቸው ሥርዐት ግን የእንጉዳይ መርማሪ የሚባለው ሹም ነው። በብዙ ከተማና ወረዳ ተምሮ የተፈተነ ሰው ተሹሞ በመጸው ማታ ማታ በጠረጴዛው ፊት ይቀመጣል። ባላገሩም፤ የከተማው ሰውም፤ ባለጠጋውም የለቀመውን በቅርጫት ይዞ ይቀርባል። መርማሪው አንዱን ከአንዱ እያገላበጠ የሚበላውን ይመልስለታል፤ የማይበላውን ይጥልበታል። የመርማሪዎቹም ማኅበር በ1925 ዓ.ም. የቆመ ነው። በሌላ ነገር ሹም እንዲፈትሸው የማይወድ ሰው እንኳ በዚህ ቅር አይለውም።

ቅር የማይለውም ምክንያት አለው። ጀርመኖች ክኖለንብሌተርፒልዝ፤ ሊቃውንት በላቲን አማኒታ ፋሎይደስ የሚሉት እንጉዳይ በዚያው ዱር ይበቅላል። ቆቡ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ነው፤ ከቆቡ በታች ያለው ሽንሽን ነጭ ነው፤ በእግሩ ላይ ቀለበት አለው፤ ከመሬት ውስጥ ደግሞ እግሩ እንደ ተሰበረ የእንቍላል ቅርፊት ባለ ከረጢት ውስጥ ቆሟል። ስለዚህ እንጉዳይን ከመሬት በላይ ቈርጦ የሚወስድ ሰው ዋናውን ምስክር በመሬት ውስጥ ትቶት ይሄዳል። የበሉትና የዳኑ ሰዎች እንደ ተናገሩት ጣዕሙ መልካም ነው። አንዱ ብቻ ጎልማሳ ሰውን ሊገድል ይችላል። መርዙን መቀቀልም፤ መጥበስም፤ ማድረቅም አያጠፋውም። የብር ማንኪያ ካላጠቈረ ደግ ነው፤ ቀንድ አውጣ ከበላው ሰውም ይበላዋል የሚለው ያገር ወሬ ሁሉ ከንቱ ነው።

ክፋቱም በመዘግየቱ ነው። የበላው ሰው ብዙ ጊዜ ከስድስት ሰዓት በላይ፤ አንዳንዴም እስከ አንድ ቀን ድረስ ምንም አይሰማውም። ከዚያ በኋላ ብርቱ ትውከትና ተቅማጥ ይይዘዋል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን የተሻለው ይመስለዋል፤ ቤተ ሰቡም እግዚአብሔር ይመስገን ይላል። በዚያ ጊዜ ግን መርዙ ጕበቱን እያፈረሰ ነው። ፈጥኖ ወደ ሐኪም ቤት የደረሰ ብዙ ጊዜ ይድናል፤ የዘገየውን ግን አንዳንድ ጊዜ የሌላ ሰው ጕበት ካልተተካለት በቀር የሚያድነው የለም።

በ1740 ዓ.ም. በጥቅምት የኦስትርያ ገዥ ንጉሠ ነገሥት ካርል ስድስተኛ እንጉዳይ በልተው ታመሙና ከጥቂት ቀን በኋላ ዐረፉ፤ ብዙ ታሪክ ጸሐፊዎችም ይህ እንጉዳይ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ልጃቸው ማርያ ቴሬዝያ ስትወርስ ጎረቤት ነገሥታት ተነሡባት፤ ጦርነቱም እስከ 1748 ዓ.ም. ቈየ። ይህ የቤተ መንግሥት ታሪክ ነው፤ የድኾቹ ደግሞ የቅርብ ጊዜ ነው። በ2015 ዓ.ም. በመጸው በስደት ወደ ጀርመን አገር ከገቡት ሰዎች ብዙዎቹ ይህን እንጉዳይ በአገራቸው ከሚያውቁት ከሚበላው ጋር አንድ መስሏቸው በልተው ተመረዙ። በሃኖቨር ያለው የሕክምና ትምህርት ቤትም በልዩ ልዩ ቋንቋ ማስጠንቀቂያ አሳትሞ አወጣ። የተመረዙት ሰዎች ሞኞች አልነበሩም፤ በአገራቸው እንጉዳይ ዐዋቂዎች ነበሩ፤ የጐዳቸውም ያው ዕውቀታቸው ነው። ከእኛም አገር ሰዎች የጅብ ጥላውን ከሚበላው ለይተው በልጅነታቸው የተማሩ ሁሉ ያንን ትምህርት ከባሕር ማዶ እንዳይታመኑበት እንለምናቸዋለን።

ሁለተኛው ቀን የሸንተረሩ ነው። ዱሩ ያልቅና ሣር ይመጣል፤ ሣሩም እየጠበበ ሄዶ በብዙ ቦታ እግር ከሚያስቀምጥ መንገድ በቀር አይተርፍም። በቀኝ በኩል ከብዙ ሜትር በታች ሐይቁ ይታያል፤ በግራውም ገደል ነው። ስሜንን የሚያውቅ ሰው ተራራ ያስተምሩኛል ወይ ይል ይሆናል፤ ነገር ግን በስሜን አፋፍ የሚሄድ መንገደኛ ገደሉ በአንድ ወገን ሆኖ በሌላው የሚሸሽበት ሜዳ አለው፤ እዚህ የሚሸሹበት ወገን የለም። 2,221 ሜትር ከፍታ ባለው በታንሆርን አጠገብ በትሩን አጥፎ በእጅ ድንጋይ እየጨበጡ መውጣትና መውረድ ግድ ይሆናል። በ1863 ዓ.ም. የቆመው የስዊስ የተራራ ማኅበር የእግር መንገዶችን በስድስት ደረጃ ከፍሎ ሲመድብ፤ የዚህ ሸንተረር ክፉው ክፍል በአምስተኛው ደረጃ ይቈጠራል።

አውግስትማትሆርን በሚባለው ጫፍ ዙሪያ የኤውሮፓው ዋልያ በመንጋ ይሰማራል፤ ከስሜናችን ዋልያ ጋር አንድ ወገን ነው። በስዊስ አገር አደኞች ጨርሰውት ነበርና ከ1906 ዓ.ም. ጀምሮ ከኢጣልያ ንጉሥ የአደን ስፍራ በተገኙ ግልገሎች እንደ ገና ተራብቷል።

ሸንተረሩን የሚያከፋው ከገደሉ ይልቅ ሣሩ ነው። ደረቅ ሲሆን ጫማን ይይዛል፤ ጤዛ፤ ዝናም ወይም አመዳይ ሲነካው ግን እንደ መስተዋት ያንሸራትታል፤ በመጸው ደግሞ ጠዋት ጠዋት ሣሩ እርጥብ ነው፤ ቀኑም አጭር ነው። ከሸንተረሩ መውረጃ መንገዶች ጥቂቶች ስለ ሆኑ፤ እመለሳለሁ ወይስ እቀጥላለሁ የሚለው ምክር ከአውግስትማትሆርን ሳይታለፍ መቈረጥ አለበት። ከዚያ በኋላ ደመና የያዘው ሰው ወደ ፊትም ወደ ኋላም እኩል ይርቀዋል። ብዙ ደክሜ መጥቻለሁና ልጨርሰው የሚል ሐሳብ በሸንተረርም ላይ፤ በቅርጫትም ፊት አንድ ዓይነት ክፉ መካሪ ነው።

እንጉዳዩን ከነስንቁ አዝሎ ወደ ሸንተረር መውጣት አይገባም። በላስቲክ ከረጢት ውስጥ ሲሞቅ ይበሰብሳል፤ ደጉም እንጉዳይ ከበሰበሰ ያሳምማል። ይልቁንም መንገደኛው በምሽት በድንኳኑ ደጅ ብርድና ረኃብ ሲጫነው፤ ትንሿ ምድጃም ስትበራ፤ መርማሪ ያላየውን ወደ መጥበሻ መጣል ይቃጣዋል። የዱሩን ቀን ከሸንተረሩ ቀን ያስቀደምነው ስለዚህ ነው፦ ለቀማው ቀን ይሆናል፤ ማታ መርማሪ ያለበት ቦታ ይደረሳል፤ የተመለሰው በቅቤ በደንብ በስሎ ይበላል፤ ጥሬውን ግን አይቀመስም። በማግስቱ በሸንተረሩ ላይ ውሃ ስለማይገኝ የሚታዘለው ውሃና ደረቅ ስንቅ ነው። የታመመ ቢኖር ሕመሙን ሳይጠብቁ በስዊስ አገር በ145 ቍጥር ለመርዝ ሐኪሞች ስልክ መደወል፤ ከመብሉም የተረፈውንና ልጣጩን ሳይጥሉ ለሐኪም ማሳየት ያስፈልጋል።

ከሮትሆርን ወደ ብሪየንዝ የሚያወርደው በእንፋሎት የሚሄደው ባለ ጥርስ ባቡር በ1892 ዓ.ም. ተከፍቶ እስከ ዛሬ ይሠራል፤ የክረምቱ በረዶ ሲቃረብ ግን ሥራውን ያቆማል። ባቡሩ ያመለጠው ሰው በደከመ ጕልበት ከ1,700 ሜትር በላይ ቍልቍለት በእግሩ ይወርዳልና፤ የመጨረሻው ባቡር በስንት ሰዓት እንደሚነሣ ጧት ከመውጣት በፊት መጠየቅ መልካም ነው።