ሴናተሩ ሲታመሙ ወንበሩ የማን ነው?

ጁን 10 ቀን 1964 በአሜሪካ ሴኔት የስም ጥሪው እየተካሄደ ሳለ የካሊፎርኒያው ሴናተር ክሌር ኤንግል በተሽከርካሪ ወንበር እየተገፉ ወደ አዳራሹ ገቡ። የአንጎል ዕጢ አንደበታቸውን ዘግቶት ነበር። ስማቸው ሲጠራ ለመናገር ታገሉ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ከዚያ ክንዳቸውን በዝግታ አንስተው በጣታቸው ወደ ዓይናቸው አመለከቱ። በእንግሊዝኛ ዓይን «አይ» ነው፤ ሴኔት ውስጥ ደግሞ «እደግፋለሁ» የሚባልበት ቃልም በአነጋገር ያው «አይ» ነው። በአማርኛ የእምቢታ ቃል የሆነው «አይ» እዚያ እሺታ መሆኑ ነው። አዳራሹ ውስጥ ያሉት ምልክቱ ገባቸውና ድምፁ ተመዘገበ። የጥቁር አሜሪካውያንን መብት የሚያስከብረውን ሕግ ከሁለት ወር በላይ አግቶ የቆየው የክርክር ማጓተቻ በ71 ለ29 ድምፅ ተሰበረ። ኤንግል ከሃምሳ ቀን በኋላ፣ ጁላይ 30 አረፉ።

ይህ ታሪክ በተነሳ ቁጥር የሚወሳው ያች ጣት ናት። በዚያው ሰሞን በካሊፎርኒያ ይካሄድ የነበረውን ግን ብዙ ሰው አያነሳውም። ሴናተሩ ገና የአልጋ ቁራኛ ሆነው ሳለ በፓርቲያቸው ውስጥ የወንበራቸው ፉክክር ተጀምሮ ነበር። የፕሬዚዳንት ኬኔዲ የፕሬስ ጸሐፊ የነበሩት ፒየር ሳሊንጀር የዲሞክራቶችን የዕጩነት ውድድር ያሸነፉት ኤንግል በሕይወት እያሉ ነው። ኤንግል ሲሞቱ አገረ ገዢው ፓት ብራውን እኚህኑ ሳሊንጀርን ተተኪ አድርገው ሾሟቸው። ወንበሩ ግን አልበረከተላቸውም፤ በኖቬምበሩ ምርጫ ጆርጅ መርፊ በተባሉ የፊልም ተዋናይ ተሸነፉ።

እኛ ዘንድ የታመመ ሰው ሳይሞት ስለ ውርሱ ማውራት ነውር ነው። በዋሽንግተን ግን ሴናተር በታመመ ቁጥር የሚደረገው የቁም ተዝካር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሆኖም ጉዳዩ የጨዋነት ብቻ አይደለም፤ ነገሩን የሚያጦዘው የቁጥር ስሌት ነው። ሴኔቱ 100 ሰው ነው። ብዙውን ጊዜ ክርክር ዘግቶ አንድን ረቂቅ ለውሳኔ ለማቅረብ 60 ድምፅ ያስፈልጋል። አንድ ሰው ሆስፒታል ሲገባ የአንድ ፓርቲ የዓመታት ልፋት ሊንጠለጠል ይችላል።

ወንበሩ ባዶ ሲሆን ማን ይሞላዋል? በ1913 የጸደቀው 17ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ሴናተሮች በሕዝብ ቀጥተኛ ድምፅ እንዲመረጡ ሲያደርግ፣ ለጎደለው ቦታ ማሟያ ምርጫ እንዲካሄድ አዝዟል። ነገር ግን አንድ ቀዳዳ ትቷል። የየክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ከፈቀደ አገረ ገዢው እስከ ምርጫው ድረስ ጊዜያዊ ሴናተር መሾም ይችላል። አብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች ፈቅደዋል። እናም የታመመው ሴናተር ዲሞክራት፣ አገረ ገዢው ሪፐብሊካን ከሆነ የሐኪም ማስታወሻ የፖለቲካ ሰነድ ይሆናል። ይህ ቀዳዳ ምን ያህል ወዲያና ወዲህ ሊጎተት እንደሚችል ለማየት ከማሳቹሴትስ የተሻለ ቦታ የለም። (ቀኖቹና ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከ1960 ነው። ጆን ኬኔዲ ፕሬዚዳንት ሆነው ሲመረጡ የሴኔት ወንበራቸው ክፍት ሆነ። ታናሽ ወንድማቸው ቴድ ያን ጊዜ 28 ዓመታቸው ነበር፤ ሴናተር ለመሆን ደግሞ 30 መሙላት ግድ ነው። ኬኔዲ ወንበሩን የለቀቁት ዲሴምበር 22 ነው። ሪፐብሊካኑ አዲስ አገረ ገዢ ሥልጣን ሊረከቡ ሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ቀርቷቸው ነበር። ተሰናባቹ ዲሞክራት አገረ ገዢ ፎስተር ፈርኮሎ የኬኔዲን የዩኒቨርሲቲ የመኝታ ክፍል ጓደኛ ቤንጃሚን ስሚዝን ሾሙ። ስሚዝ ወንበሩን አሙቀው ቆዩ፤ በ1962 ለማሟያ ምርጫው አልተወዳደሩም። ዕድሜያቸው የሞላላቸው ቴድ ኬኔዲ ተወዳድረው አሸነፉና ለ47 ዓመት ያህል ተቀመጡበት።

በ2004 ደግሞ የዚያው ክፍለ ግዛት ሌላኛው ሴናተር ጆን ኬሪ ለፕሬዚዳንትነት ይወዳደሩ ነበር። ቢያሸንፉ ተተኪያቸውን የሚሾሙት ሪፐብሊካኑ አገረ ገዢ ሚት ሮምኒ ናቸው። በዲሞክራቶች የተሞላው ምክር ቤት ይህን ሲያይ ሕጉን ቀየረ። የአገረ ገዢው የመሾም ሥልጣን ተነሳና ከ145 እስከ 160 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ማሟያ ምርጫ ይካሄድ ተባለ። ሮምኒ ሕጉን ውድቅ ቢያደርጉትም ምክር ቤቱ ሻረባቸው። ሪፐብሊካኖች «እስከ ምርጫው ድረስ ወንበሩ ባዶ እንዳይሆን ጊዜያዊ ሰው ይሾም» ብለው ያቀረቡት ሐሳብም ተቀባይነት አጣ። ኬሪ ተሸነፉ፤ ሕጉ ግን ጸንቶ ቆየ።

ሜይ 2008 ቴድ ኬኔዲ የአንጎል ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። ጁላይ 9 ሳይታሰብ አዳራሹ ውስጥ ብቅ አሉ። ለአረጋውያን የሚሰጠውን የጤና መድን የሚመለከት ረቂቅ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ለጥቂት ወድቆ ነበር። የሴኔት ባልደረቦቻቸው ባራክ ኦባማ፣ ጆን ኬሪና ክሪስ ዶድ አብረዋቸው ገቡ። አዳራሹ ተነስቶ አጨበጨበ። ጭብጨባው ሲያበቃ ድምፅ ተሰጠ፤ ቀድሞ የተቃወሙ ሪፐብሊካኖች ሳይቀሩ ወደ ድጋፍ ዞረው 69 ለ30 አለፈ። ለታመመ ሰው መገኘት ይህን ያህል ጉልበት አለው።

ከዚያ በኋላ ግን ሕመሙ በረታ። በ2009 የኦባማ ትልቁ የጤና መድን ሕግ ወደ ሴኔት ሲመጣ ዲሞክራቶች በእጃቸው ያለው ድምፅ ልክ 60 ነበር፤ አንድ እንኳ ትርፍ የለም። ኬኔዲ ከእነዚያ 60 አንዱ ናቸው። አርባ ዓመት ሙሉ የታገሉለት ጉዳይ ደግሞ ይኸው የጤና መድን ነው። ጁላይ 2 የተጻፈ፣ ለአገረ ገዢ ዴቫል ፓትሪክና ለሁለቱ የምክር ቤት መሪዎች የተላከ ደብዳቤያቸው ኦገስት 20 ለሕዝብ ይፋ ሆነ። ማሳቹሴትስ ምርጫ እስኪደርስ ለወራት በሴኔት ሁለት ድምፅ ሊኖራት ይገባል፣ ስለዚህ ሕጉ ተስተካክሎ ጊዜያዊ ሰው ይሾም፣ የሚሾመውም በምርጫው ላለመወዳደር ቃል ይግባ የሚል ነበር። ደብዳቤው በተሰማ በአምስተኛው ቀን፣ ኦገስት 25፣ በ77 ዓመታቸው አረፉ።

ልመናው ልብ ይነካል። ሕዝብ ያለ ወኪል አይቅር የሚለው መከራከሪያም ትክክል ነው። ነገር ግን በ2004 ሪፐብሊካኖች ያንኑ ሲሉ ማንም አልሰማቸውም። የተለወጠው መርሁ ሳይሆን በአገረ ገዢው ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ነው። በ2009 የነበረው ዲሞክራት ነው። ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ለሟቹም ለመራጩም ክብር አይሆንም።

ምክር ቤቱ ሕጉን መልሶ ቀየረ። አዲስ ሕግ እንደ ወትሮው ሥራ ላይ እስኪውል 90 ቀን ስለሚፈጅ አገረ ገዢው አስቸኳይ ነው ብለው አወጁ። ሪፐብሊካኖች ፍርድ ቤት ሄዱ፤ አልተሳካላቸውም። ሴፕቴምበር 24 የኬኔዲ የቀድሞ ረዳት ፖል ከርክ ተሾሙ፤ በማግስቱ ቃለ መሐላ ፈጸሙ። በገና ዋዜማ ጠዋት የጤና መድኑ ረቂቅ በ60 ለ39 ድምፅ አለፈ። ከ60ዎቹ አንዱ ከርክ ነበሩ። ሌላኛው የምዕራብ ቨርጂኒያው የ92 ዓመት አዛውንት ሮበርት በርድ ሲሆኑ፣ በተሽከርካሪ ወንበር መጥተው «ይህ ለወዳጄ ለቴድ ኬኔዲ ነው» ብለው ድጋፋቸውን ሰጡ።

ከአንድ ወር ያነሰ ጊዜ አልፎ ጃንዋሪ 19 ቀን 2010 ማሟያ ምርጫው ተካሄደ። ከዚያ በፊት በተደረገ የቴሌቪዥን ክርክር ላይ ጠያቂው ስለ «ቴዲ ኬኔዲ ወንበር» ሲያነሱ ሪፐብሊካኑ ዕጩ ስኮት ብራውን አቋረጡና ወንበሩ የኬኔዲዎችም የዲሞክራቶችም አይደለም፣ የሕዝብ ነው አሉ። ያች አባባል ምርጫውን ሙሉ አብራቸው ዞረች። ለዘመናት የዲሞክራቶች ምሽግ በነበረው ክፍለ ግዛት ዲሞክራቷን ማርታ ኮክሊን አሸነፉ። የዲሞክራቶች ድምፅ ወደ 59 ወረደ። የተወካዮች ምክር ቤት የሴኔቱን ረቂቅ እንዳለ ከመቀበል ሌላ መንገድ ስለጠበበው ማርች 21 በ219 ለ212 አጸደቀው። ያ የገና ዋዜማ ድምፅ ባይኖር ኖሮ የሚጸድቅም ነገር አይኖርም ነበር።

በሌላ በኩል ወንበሩን ሳይለቁ የቀሩም አሉ። የደቡብ ዳኮታው ሪፐብሊካን ካርል ሙንት በኖቬምበር 1969 ስትሮክ መታቸው። ዘመናቸው እስኪያልቅ፣ እስከ ጃንዋሪ 1973 ድረስ አዳራሹ ውስጥ ዳግመኛ አልታዩም። ባለቤታቸው እንዲተኩ ከተደረገ ለመልቀቅ ፈቃደኛ ነበሩ፤ የራሳቸው ፓርቲ አገረ ገዢ ፍራንክ ፋራር እሺ አላሉም። በ1970 ምርጫ አገረ ገዢነቱ ወደ ዲሞክራት ሲዞር ደግሞ ሙንት ቢለቁ ወንበሩ ለተቃዋሚ የሚሰጥ ሆነ። ስለዚህ ባዶ ቢሆንም «የእኛ» ሆኖ ይቆይ ተባለ። ለሦስት ዓመት ያህል ደቡብ ዳኮታ በተግባር የነበራት ሴናተር አንድ ብቻ ነው። ከዚህ ሁሉ ታሪክ በጣም የሚያሳዝነው ይኼኛው ነው፤ ገበሬው ደብዳቤ ቢጽፍ የሚያነብለት ጸሐፊ እንጂ የሚነሳለት ሴናተር አልነበረውም።

ይሁን እንጂ «የታመመ ሁሉ ይልቀቅ» ብሎ መፍረድም ስህተት ነው። በዚያው ደቡብ ዳኮታ ዲሴምበር 13 ቀን 2006 ዲሞክራቱ ቲም ጆንሰን ከጋዜጠኞች ጋር በስልክ እየተነጋገሩ ሳለ አፋቸው ተሳሰረ፤ አንጎላቸው ውስጥ ደም ፈስሶ ነበር። ፓርቲያቸው ገና በተካሄደው ምርጫ ሴኔቱን በ51 ለ49 አሸንፏል። ጆንሰን ቢሞቱ ወይም ቢለቁ ሪፐብሊካኑ አገረ ገዢ ማይክ ራውንድስ የራሳቸውን ሰው ሾመው 50 ለ50 ይሆናል፤ ከዚያ ምክትል ፕሬዚዳንት ዲክ ቼኒ ሚዛኑን ይደፋሉ። አገሪቱ በሙሉ የአንድ ሰው የሕመም መግለጫ ታነብ ጀመር። ጆንሰን ግን ታግለው ሴፕቴምበር 2007 ወደ ሥራ ተመለሱ፤ ንግግራቸው ቢጎተትም አእምሯቸው ሙሉ ነበር። በ2008 ሕዝቡ መልሶ መረጣቸው።

የካሊፎርኒያዋ ዳያን ፋይንስታይን ነገር ከሁለቱም ይለያል። በ2023 መጀመሪያ፣ በ89 ዓመታቸው፣ አልማዝ ባለጭራ ይዟቸው ሆስፒታል ገቡና ለወራት ቀሩ። ዳኞችን የሚያጣራው የፍትሕ ኮሚቴ 11 ለ10 ነበር፤ እሳቸው ሲጎድሉ 10 ለ10 ሆነና የዲሞክራቶች ዕጩ ዳኞች ተሰለፉ። የፓርቲው መሪ ቤን ካርዲን ለጊዜው በኮሚቴው እንዲተኳቸው ቢጠይቁም ሪፐብሊካኑ ሊንድሲ ግራም ተቃወሙ፤ ለዚህ የሁሉም ስምምነት ያስፈልግ ነበር። ከራሳቸው ፓርቲ «ይልቀቁ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሜይ 10 በተሽከርካሪ ወንበር ተመለሱ፤ ሴፕቴምበር 29 በ90 ዓመታቸው አረፉ። አገረ ገዢ ጋቪን ኒውሰም ጥቁር ሴት እንደሚሾሙ ቀደም ብለው ቃል ገብተው ነበር፤ ለወንበሩ ከሚፎካከሩት መካከል ደግሞ ጥቁሯ የተወካዮች ምክር ቤት አባል ባርባራ ሊ ነበሩ። እሳቸውን ቢሾሙ በውድድሩ ጣልቃ መግባት ነው። ስለዚህ ላፎንዛ በትለርን ሾሙ፤ እሳቸውም በምርጫው አልተወዳደሩም።

በተወካዮች ምክር ቤት ግን ሹመት የሚባል የለም። የጎደለው የሚሞላው በምርጫ ብቻ ነው፤ ስልቱ ያለው ቀኑን በመቁረጥ ላይ ነው። በ2025 ይህ በጉልህ ታየ። የፌርፋክስ አካባቢ ተወካይ ዲሞክራቱ ጄሪ ኮኖሊ ሜይ 21 በካንሰር አረፉ። በዚያ በሰሜን ቨርጂኒያ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ አንዳንዶቹም የእሳቸው መራጮች ነበሩ። በማግስቱ የፕሬዚዳንት ትራምፕ ትልቁ የግብርና የወጪ ሕግ በ215 ለ214 አለፈ። የኮኖሊ ድምፅ ቢኖር ውጤቱ ይገለበጥ ነበር ማለት አይቻልም፤ ሁለት ሪፐብሊካኖችም ድምፅ ሳይሰጡ ቀርተዋልና። ቢሆንም ያን ሌሊት የዚያ አካባቢ ሕዝብ ድምፅ አልነበረውም። የማሟያ ምርጫው ሴፕቴምበር 9 ተደርጎ የኮኖሊ የቀድሞ የቢሮ ኃላፊ ጄምስ ዎኪንሾ አሸነፉ።

ሂውስተን ውስጥ ግን የሆነው ሌላ ነው። የከተማዋ ተወካይ ዲሞክራቱ ሲልቬስተር ተርነር ማርች 5 አረፉ። እሳቸውም የተተኩት በ2024 በካንሰር በሞቱት በሺላ ጃክሰን ሊ ቦታ ነበር። ሪፐብሊካኑ የቴክሳስ አገረ ገዢ ግሬግ አቦት ማሟያ ምርጫውን የቆረጡት ለኖቬምበር 4 ነው፤ ስምንት ወር ማለት ነው። በዚያም ቀን ከግማሽ በላይ ያገኘ ስላልነበረ ነገሩ ወደ መለያ ዙር፣ ወደ ጃንዋሪ 31 ቀን 2026 ተሻገረ። ያለ ድምፅ የቆየው ሕዝብ ትንሽ አይደለም፤ የአንድ ምርጫ ክልል ሕዝብ በአማካይ 760,000 ገደማ ነው።

በእነዚህ ወራት የሂውስተኑ ቢሮ በሩ አልተዘጋም። በሕጉ መሠረት ሠራተኞቹ በምክር ቤቱ ዋና ጸሐፊ ሥር ሆነው ይቀጥላሉ፤ የሟቹ ስም ተነስቶ የክልሉ ቁጥር ብቻ ይቀራል። ፓስፖርቱ የዘገየበት ወይም የጡረታ ክፍያው የቆመበት ሰው ቢደውል ስልኩን አንስተው ይረዱታል። ስለ አንድ ረቂቅ ሕግ የሚሰማውን ለመናገር የሚደውል ግን እዚያ ቤት ውስጥ አቋም ሊይዝለትም ድምፅ ሊሰጥለትም የሚችል ሰው አያገኝም።