ነፋስ የሚከረክመው አስታ

በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ፣ ኮርንዋል ውስጥ፣ ሊዛርድ የሚባል ባሕረ ገብ ምድር አለ። የታላቋ ብሪታንያ ዋና ምድር በደቡብ በኩል የሚያልቀው እዚያ ነው። ከገደሉ አናት ላይ ዛፍ የለም፤ ሜዳውን የሸፈነው ከጉልበት የማይበልጥ ቁጥቋጦ ነው። በእኛ ክረምት ወራት የሄደ ሰው ግን ሮዝ፣ ሐምራዊና ቢጫ አበባ ተደባልቆ ያገኛል። ቢጫው ጎርስ የሚባለው እሾሃም ቁጥቋጦ ነው። ከሮዞቹ አንዱ ኤሪካ ቫጋንስ ነው፤ በስሜንና በባሌ ተራሮች የምናውቀው የአስታ የቅርብ ዘመድ። የእኛው አስታ ሲመቸው ዛፍ ያህላል። ይህኛው አጭር ነው፤ በብሪታንያም በተፈጥሮ የሚበቅለው ከሞላ ጎደል ሊዛርድ ላይ ብቻ ነው።

ይህን ምድር ጠፍ ነው ብሎ ማለፍ ትልቅ በደል ይመስለኛል። ከባሕሩ ተነስቶ ሽቅብ ለወጣ ሰው ሥርዓቱ ግልጽ ነው። የማዕበሉ ፍንጣቂ በሚያርፍበት የአለት ስንጥቅ ውስጥ ስሪፍት የምትባለው ባለ ሮዝ አበባ ተክል፣ ከእሷም ጋር ቅጠለ ወፍራሙ ሳምፋየር ይበቅላሉ፤ ሁለቱም ጨው ይችላሉ። ከዚያ በላይ ቀጫጭን ሣር ይከተላል። የአስታ ዘመዶች የሚጀምሩት ጨው ጋብ ሲል ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ነፋሱ በጣም በሚበረታበት ገደል ላይ የሚታየው ነው። ነፋስ ባሕሩን ተሻግሮ ሲመጣ ጨው ይዞ ይመጣል፤ ቅጠሉን ያቆስለዋል፣ ጨውም በቁስሉ ይገባል። ስለዚህ በነፋሱ በኩል ያለው ቀንበጥ ይደርቃል። ከለላ ያገኘው የማዶው ቀንበጥ ግን መሬት ለመሬት እየተሳበ፣ አፈር በነካበት ሥር እየሰደደ ያድጋል። ከዓመታት በኋላ ቁጥቋጦው እንደ ማሳ ትልም በተርታ ተሰልፎ ይታያል። ትልሙም ባለበት አይቆይም፤ ፊቱ እየሞተ ጀርባው እያደገ፣ ቀስ በቀስ ነፋሱ ወደሚሄድበት ይጓዛል። ትቶት በሚሄደው ባዶ አፈር ላይ አዳዲስ ችግኞች ይበቅላሉ። እንዲህ ባለው ቦታ ቁጥቋጦውን አጭር አድርጎ የሚያቆየው ነፋሱ ራሱ ነው፤ ሰው ባይነካውም ዛፍ አይወርሰውም።

የሊዛርድ ድንጋይም የራሱ ድርሻ አለው። ሰርፐንታይን ይባላል፤ ማግኒዥየም የበዛበት፣ ካልሲየም ያነሰበት፣ ኒኬልም ያለበት ነው። ብዙ ተክል ይህን አፈር አይችለውም። አብዛኞቹ የአስታ ዘመዶች አሲዳማ አፈር ሲመርጡ ኤሪካ ቫጋንስ ግን በዚህኛው ላይ ይፋፋል።

ከገደሉ ራቅ ሲባል ነገሩ ይለወጣል። እዚያ ዛፉን አስወግደው ሜዳውን ያቆዩት ገበሬዎች ናቸው፤ ለብዙ ዘመን ከብት አሰማርተዋል፣ አቃጥለዋል፣ ጎርሱን ለማገዶ አጭደዋል። ግጦሹ ሲቀር ቁጥቋጦው ከፍ ብሎ ትናንሾቹን አበቦች ይውጣቸዋል። ጉዳቱ አበባ ላይ አያበቃም። ቀይ መንቁርና ቀይ እግር ያለው ቁራ፣ በስሜን ተራሮችም የሚኖረው፣ ነፍሳትን ለቅሞ የሚበላው ከአጭር ሣር ውስጥ ነው። ይህ ወፍ ከኮርንዋል ጠፍቶ ነበር፤ በ2001 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በራሱ ጊዜ ወደ ሊዛርድ ተመለሰ፣ በቀጣዩ ዓመትም ጫጩት ፈለፈለ። ዛሬ በዚያ ሜዳ ላይ ከብቶችና ትናንሽ ፈረሶች ሆን ተብሎ ይሰማራሉ።