ጅረት ያመጣቸው ዓሦች

ነሐሴ ወደ ማለቂያው ሲቃረብ፣ በኒው ዮርክ ሎንግ አይላንድ ዳርቻ ጉልበት በሚደርስ ውሃ ውስጥ መረብ የሚጎትቱ ሰዎች ይታያሉ። የሚፈልጉት ለድስት ሳይሆን ለአኳሪየም፣ ማለትም ለዓሣ ማቆያ፣ የሚሆን ዓሣ ነው። መረቡ ከባሕር ሣር ጋር ተጎትቶ ሲወጣ፣ ከአካባቢው ጥቃቅን ዓሦች መካከል አንዳንዴ ሳንቲም የምታክል፣ ክንፎቿ ቢጫ የሆኑ፣ ዓይኗ ላይ ጥቁር መስመር የወረደባት ቢራቢሮ ዓሣ ትገኛለች። የወገኖቿ አገር ግን ሞቃቱ የፍሎሪዳና የካሪቢያን ባሕር ነው።

ያመጣት ገልፍ ስትሪም የተባለው ታላቅ የውቅያኖስ ጅረት ነው። በኮራል መካከል የሚኖሩ ብዙ ዓሦች እንቁላላቸውን ወይም እጫቸውን ለውሃው ይለቃሉ፤ እጩም ለሳምንታት ይንሳፈፋል። ጅረቱ በፈጣኑ ቦታ በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። የአሜሪካን ጠረፍ ተከትሎ እስከ ሰሜን ካሮላይናው ኬፕ ሃተራስ ይወጣና ወደ ሰፊው አትላንቲክ ይታጠፋል። ከዚያ ወዲያ ከጅረቱ ተገንጥለው የሚሽከረከሩ ሞቃት ውሃዎች ከነፋስ ጋር ተባብረው የተወሰነውን እጭ ወደ ሰሜኑ ዳርቻ ይገፉታል። የተረፈው በድንጋይ፣ በወደብ ምሰሶና በባሕር ሣር ሥር ተጠግቶ ያድጋል።

ግን ጊዜው አጭር ነው። ጥቅምት አልፎ ውሃው ሲቀዘቅዝ ሁሉም ማለት ይቻላል ያልቃሉ፤ እንዲህ ያለ ትንሽ ዓሣ ያን ሁሉ መንገድ ጅረቱን ተቃውሞ ሊመለስ አይችልም። ለዚህም ነው ይህን አሰባሰብ የምደግፈው። በፊሊፒንስ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለአኳሪየም የሚሸጡ ዓሦችን በሳያናይድ መርዝ እያደነዘዙ መያዝ ተለምዶ ኮራሉን ጎድቷል። ከሎንግ አይላንድ የተወሰደች ቢራቢሮ ዓሣ ግን ብትቀርም ብርዱን አታልፍም ነበር። የቦስተኑ ኒው ኢንግላንድ አኳሪየም ጠላቂዎችም ሮድ አይላንድ ውስጥ እንዲህ ያሉ ዓሦችን ይሰበስባሉ።

ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። ንጹሕ የውቅያኖስ ውሃ ወደ ባሕረ ሰላጤው የሚገባው ባሕሩ ሲሞላ ስለሆነ፣ በሎንግ አይላንድ እንደ ሺነኮክ ያለ የባሕረ ሰላጤ መግቢያ አጠገብ ሰዓቱን ጠብቆ መግባት ያዋጣል። ከድንጋይ ሥር ያለውን በሁለት የእጅ መረብ ከብቦ መያዝ ይቻላል። እሾሁ በመረብ እንዳይጠላለፍ ዓሣው ከነውሃው በኩባያ ቢቀዳ ይሻላል፤ ባልዲው ውስጥም በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ያስፈልጋል። ቤት ሲደርስ የውሃው ሙቀትና ጨው ቀስ በቀስ ይስተካከልለታል፣ ለጥቂት ሳምንታትም ከሌሎች ተለይቶ ይቆያል። ያቺ ሳንቲም የምታክል ቢራቢሮ ዓሣ አድጋ 20 ሴንቲ ሜትር ልትደርስ ስለምትችል፣ ሰፊ ማቆያ የሌለው ሰው ባይወስዳት እመርጣለሁ። የዓሣ ማስገር ሕጉም ከግዛት ግዛት ይለያያል፤ ለአንዳንድ ዝርያዎች የመጠን ገደብ ስላለ አስቀድሞ መጠየቅ ግድ ነው።

ማቆያ ውስጥ የኖረ ዓሣ ደግሞ ወደ ባሕር መመለስ የለበትም። የሕንድና የፓስፊክ ውቅያኖሶች ተወላጅ የሆነው አንበሳ ዓሣ በ1985 (እ.ኤ.አ.) ፍሎሪዳ አካባቢ ታየ፤ ከአኳሪየም ተለቆ እንደገባ ይታመናል። ዛሬ በካሪቢያን ተስፋፍቶ የአካባቢውን ትናንሽ ዓሦች እየፈጀ ነው። ግልገሎቹም በዚያው ጅረት ሎንግ አይላንድ ይደርሳሉ። እሾሁ መርዝ ስላለው መረብ ውስጥ ሲገባ በባዶ እጅ አይነካም።